አሮጌ ፊልም በአዲስ ስም ሸጡልን፤ ነገ እንዳትሄዱ

ይህን የምጽፈው ከሲኒማ ቤት ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። በረድ ስል እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ያው ፊልም ነገ እሁድ በ10 ሰዓት ድጋሚ ይታያል። ዛሬ ዝም ካልኩ ነገ ሌላው እንደኔ ይሸወዳል።

የፊልም ምርቃት ሲባል ነገሩ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ፖስተር ይለቀቃል። «ለመጀመሪያ ጊዜ»፣ «ተዋንያኑ በአካል ይገኛሉ» ይባላል። በር ላይ ቀይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ባነር ይሰቀላል። ትኬቱ ከወትሮው እጥፍ ይሆናል። ሰውም ይከፍላል፤ አዲስ ነገር ቀድሞ ማየት ደስ ይላላ። እኔም ከፈልኩ። ለእማዬ፣ ለወንድሜና ለራሴ በነፍስ ወከፍ 500 ብር። 1,500 ብር በቴሌብር ላክሁ።

እማዬ ከደሴ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይዟት ነበርና ግራ ዓይኗን ተሠራች። ከጥቂት ቀን በፊት ሐኪሙ አይቷት «በጣም ጥሩ ነው፣ ቴሌቪዥንም ማየት ይችላሉ» አላት። ከሆስፒታሉ ስንወጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሲኒማ ቤት አሁንም አለ?» ብላ ነው። በወጣትነቷ አዲስ አበባ ስትኖር አባቴ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምባሳደር ይወስዳት ነበር። ያኔ የሕንድ ፊልም ነው የሚወደደው። ቋንቋውን ሳይሰሙ አልቅሰው ይወጣሉ። ከዚያ እስከ ሰፈር በእግራቸው እየሄዱ ስለ ፊልሙ ያወራሉ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሲኒማ ቤት ረግጣ አታውቅም። እንግዲህ «አዲስ ፊልም ላሳይሽ» ያልኩት ለዚህች ሴት ነው።

ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊልሙ በ10 ሰዓት ነው።

ስንደርስ ምንጣፉ አለ። ተዋናይ ግን አንድም የለም። «መንገድ ተዘግቶባቸው ነው፣ ሲያልቅ ይገባሉ» ተባልን። ካሜራ የያዘ ልጅ ባነሩ ጋ አቁሞ ሦስት ጊዜ አነሳን። የዝግጅቱ አካል መስሎኝ ነበር። ከዚያ 200 ብር ጠየቀን። እማዬ ፊት መከራከር አስጠላኝና ሰጠሁት።

10 ሰዓት ከ50 ላይ ተጀመረ። የፊልሙ ስም ጥቁር ላይ በቀይ ፊደል ወጣ። ወዲያው ድምፁ ቆረጥ አለና ገጠር ታየ። ጠዋት ነው። ከአንድ ጎጆ ጭስ ይወጣል። አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን አዝላ ቁልቁለት ትወርዳለች። የጀሪካኑ እጀታ ተሰብሮ በሰማያዊ ገመድ ታስሯል። ነጭ ውሻ ይከተላታል።

ሰማያዊውን ገመድ ሳየው ሆዴ ቦጭ አለ። የት እንዳየሁት ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ልጅቱ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆመች። እማዬ ወደኔ ዘንበል አለችና ጆሮዬ ሥር እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ይቺ ልጅ አሁን ጀሪካኑን ትጥለዋለች። ከዚያ ውሻው ይጮኻል።»

ልጅቱ ጀሪካኑን ጣለችው። ውሻው ጮኸ።

እማዬ በጨለማው ውስጥ ፈገግ ብላ ታየኛለች። የምታውቀው ነገር ሆኖ ስላገኘችው ደስ ብሏታል። እኔ ፊቴ ጋለ። ኮሮና ገብቶ ቤት በተቀመጥን ጊዜ፣ በ2012፣ እሷም እኛ ጋ ሳለች፣ ሦስታችን አንድ ሶፋ ላይ ሆነን ዩቲዩብ ላይ በነጻ ያየነው ፊልም ነው። ያኔ ሌላ ስም ነበረው። ወንድሜን ዞሬ ሳየው ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀምሯል። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። ያንኑ ጀሪካን፣ ያንኑ ገመድ፣ ያንኑ ውሻ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ከ6 ዓመት በፊት የተጫነ ነው።

ስልኩን ተቀብዬው ወጣሁ። በር ላይ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አስተባባሪ ቆሟል። «ወንድም፣ ይሄ ፊልም አዲስ አይደለም» አልኩት። «ታድሶ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ቀለሙ ተስተካክሏል፣ ድምፁም እንደገና ተሠርቷል።» ስልኩን ፊቱ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አየው። አልደነገጠም፣ አላፈረምም። እንዲያውም ትንሽ ሳቅ አለ።

«ታዲያ ካየሽው ለምን መጣሽ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ይቺ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ አለች። ለምን መጣሽ! ስሙን ቀይራችሁ፣ ፖስተሩን ቀይራችሁ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ብላችሁ ነዋ የመጣሁት። ይህን ሁሉ ያኔ ልለው ይገባኝ ነበር። ምላሴ ተሳሰረ። «ገንዘቤን መልስልኝ» ብቻ አልኩት። «እኔ አስተባባሪ ነኝ፣ ትኬት ክፍል ጠይቂ» አለኝ። ትኬት ክፍል ሄድኩ። ልጅቷ ጥፍሯን እያየች «እኛ አዳራሽ ነው ያከራየነው፣ አዘጋጁን አናግሪ» አለችኝ። የአዘጋጁ ስልክ ፖስተሩ ላይ አለ። ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። ተመልሼ አስተባባሪው ጋ መጣሁ። አሁን ደግሞ ጓደኛው አጠገቡ ቆሟል። «ያቺ መጣች» ሲለው ሰማሁት።

ስቆይባቸው ወንድሜ እማዬን ይዞ ወጣ። አስተባባሪው ሲያያት «እማማ፣ ይግቡ ይቀመጡ እንጂ። እርስዎ ደግመው ቢያዩት ምን ይልዎታል?» አላት። እንደ ሕፃን ነው ያናገራት። እሷ በእርጋታ «እኔስ ግድ የለኝም የኔ ልጅ፤ 1,500 ብር የከፈለችው እሷ ናት፣ ለሷ መልስላት» አለችው። መልስ አልሰጣትም። ስልኩን መነካካት ቀጠለ። ልጁ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። እናቴ ፊቱ ቆማ እያናገረችው ቀና ብሎ አላያትም።

«ተይው፣ እግዜር ይየው» ብላ እጄን ያዘችኝ። ራይድ ጠርተን ተመለስን። እኔ መጀመሪያ ትኬቱን በነፍስ ወከፍ 100 ብር ነው ብያት ነበር። ዋጋውን ካወቀች አልሄድም እንደምትል አውቃለሁ። እውነቱን ለካ ቀይ ምንጣፉ ላይ ወንድሜ ሲናገር ሰምታለች። መኪና ውስጥ «በዚህ ብር የዓይን ጠብታዬ ስንት ጊዜ ይገዛል» አለችና ዝም አለች። የዛሬው ቀን ለኔ እዚያ ላይ አለቀ።

ስለ ፊልሙ አስተያየቴን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ፣ ጥሩ ፊልም ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ለሠሪዎቹ ግፍ ነው። የልጅቷ አያት ሆና የምትሠራው ተዋናይት ትልቅ ችሎታ አላት። እህል ስታበጥር ብቻ የሚያሳይ አንድ ረጅም ቦታ አለ፤ ምንም ሳትናገር ሐዘኗ ይገባል። በ2012 ስናየው ሦስታችንም አልቅሰናል። በትክክለኛ ስሙ «አሮጌ ፊልም ነው፣ በትልቅ ስክሪን እናሳያችሁ» ቢሉኝ 150 ብር ከፍዬ እማዬን በደስታ ወስዳት ነበር። አሁን ግን በስክሪኑ ላይ የሠሪዎቹ ስም እንኳ የለም። መግቢያውን ቆርጠው ነው የራሳቸውን የለጠፉበት። ዳይሬክተሩ ይህን ማወቁንም እጠራጠራለሁ። የፊልሙንም የተዋናይቷንም ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው፤ ያልበሉት ዕዳ ስማቸው ላይ እንዳይለጠፍ። ፖስተሩን ያያችሁ ግን የቱ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጀሪካን የለበትም፣ የተቃቀፉ ወንድና ሴት ናቸው ያሉበት። እንዲህ ያለ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ ጭራሽ የለም።

የኔ ጥፋት ደግሞ ይኸውላችሁ። ምልክቱ ሁሉ ፊት ለፊቴ ነበር። ፖስተሩ ላይ የዳይሬክተር ስም የለም። ማስታወቂያ ብለው የለቀቁት ቪዲዮ ሙዚቃና ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ከፊልሙ አንድም ቦታ አያሳይም። ቴሌግራም ገጻቸው ላይ አስተያየት መስጫው ተዘግቷል። «አይቼው አልቅሼ ወጣሁ» የሚሉ አራት አምስት መልእክቶች በፎቶ ተለጥፈዋል። ገና ያልተመረቀ ፊልም ማን አይቶ አለቀሰ? ይቺን እንኳ አላሰብኳትም። መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ሻይ ይዘን ቅዳሜና እሁድ ስላየነው ፊልም እናወራለን። ሁሉም «ፊልም እሷን ጠይቁ» ይላል። ሐሙስ ዕለት ሊንኩን ለሦስት ባልደረቦቼ የላክሁት እኔ ነኝ። ሦስቱም በኔ ቃል የነገውን ትኬት ቆርጠዋል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው አምኖኝ ነው የከፈለው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። የቆረጥነውን ትኬት፣ የቴሌብር መልእክቱንና የፖስተሩን ፎቶ ይዤ ሰኞ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። እናንተም ምርቃት ልትሄዱ ስትሉ የዳይሬክተሩን ስም ፈልጉ፣ ተዋናዮቹ በራሳቸው ገጽ ስለ ፊልሙ አውርተው እንደሆነ እዩ። ሁለቱም ከሌለ አትክፈሉ። ይኸው ነው።

ማታ ገጻቸው ላይ ለጥፈውት የነበረውን ፖስተር ድጋሚ አየሁት። «በተመልካች ጥያቄ» የሚል ጨምረውበታል።

ሊንኩን የላክሁላችሁ ሦስታችሁም ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። ነገ አትሂዱ። እነሱ ገንዘባችሁን አይመልሱም። የከፈላችሁትን 500 500 ብር ሰኞ ጠዋት እኔው እሰጣችኋለሁ፤ እንቢ እንዳትሉኝ።