ስምንት ወር ከባለ ሲም ካርድ ራውተር ጋር

ራውተሩን ከካርቶኑ ባወጣሁበት ምሽት ሲም ካርዱን ከትቼ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት አገኘ። በዚያ ሰዓት አስተያየት ስጥ ብባል ኖሮ አወድሼው እጨርስ ነበር። ዛሬ ስምንት ወር ሆኖታል። አሁንም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከካርቶኑ የወጣው ራውተርና ዛሬ የሚያገለግለኝ ራውተር በፍጥነትም ሆነ በጥበቃ አይገናኙም። ልዩነቱን ያመጣው ያስቀመጥኩበት ቦታና በማስተካከያ ገጹ ላይ ያጠፋሁት ጊዜ ነው።

ዕቃው የአራተኛውን ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ተቀብሎ በዋይፋይ የሚያከፋፍል፣ ባትሪ የሌለው፣ ከኋላው ሁለት የሚነቀሉ አንቴናዎችና አራት የኬብል መሰኪያዎች ያሉት የጠረጴዛ ራውተር ነው። አምስት ሰው ይጠቀምበታል። እኔ ከቤት ሆኜ እሠራበታለሁ፣ ልጆቹ ይማሩበታል፣ እናቴ ከእህቴ ጋር በቪዲዮ ትነጋገርበታለች። ሌላ መስመር የለንም፤ እሱ ከቆመ ሁላችንም እንቆማለን።

በካርቶኑ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 300 ሜጋቢት እንደሆነ ተጽፏል። ይህ ራውተሩ እያንዳንዳቸው 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያላቸውን ሁለት የሞገድ መስመሮች አጣምሮ፣ ሲግናሉ እጅግ ጠንካራ ሆኖና ማማውን ሌላ ሰው ሳይጋራው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። እኔ ቀን ቀን ከ35 እስከ 45፣ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከ12 እስከ 20 አገኛለሁ። ለአምስት ሰው ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን 7 ብቻ ነበር፤ ችግሩ ከኔትወርኩ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከቤቱ መሐል ነበር። ፊቱ ላይ ያሉት የሲግናል መብራቶች ከአራቱ ሦስቱ ይበራሉ፤ እነሱን አምኜ ቦታውን አልተጠራጠርኩም። አንድ ቀን ማታ በብሮውዘር 192.168.8.1 ብዬ ወደ ማስተካከያ ገጹ ገባሁና "የመሣሪያው ሁኔታ" የሚለውን ስከፍት መብራቶቹ የማይናገሩትን ሁለት ቁጥሮች አገኘሁ። አንደኛው አር ኤስ አር ፒ ይባላል፤ ከማማው የሚደርሰውን የሲግናል ጥንካሬ ያሳያል፤ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ሁለተኛው ኤስ አይ ኤን አር ነው፤ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይለካል፤ እሱ ደግሞ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። የእኔ ጥንካሬ ከዜሮ በታች 108፣ ጥራቱ 3 ነበር። ሁለቱም ደካማ ናቸው።

በማግስቱ ራውተሩን ከረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ይዤ ቤቱን ዞርኩ። በየቦታው አስቀምጬ ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ቁጥሮቹን በወረቀት እጽፋለሁ፣ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ልጄ ስልኩን ይዞ ቁጥር ያነብልኛል። ፎቅ ላይ ባለው መስኮት ጥንካሬው ከዜሮ በታች 97 ሆነ። መስኮቱን ስከፍተው 91 ገባ፤ ጥራቱም 14 ደረሰ። መስተዋቱ ሙቀት እንዲመልስ ተብሎ ስስ የብረት ሽፋን የተቀባ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ መስተዋት የሬዲዮ ሞገድንም ይመልሳል። ከ108 ወደ 91 የ17 ዴሲቤል ልዩነት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚሆን ራውተሩ የሚደርሰው የሲግናል ኃይል ወደ ሃምሳ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ፍጥነቱም በዚያው ቀን ከ7 ወደ 38 ወጣ። ሳንቲም አላወጣሁበትም።

መስኮቱን ከፍቶ መኖር ስለማይቻል ሁለቱን አንቴናዎች ነቅዬ፣ ለዚሁ በተሠራ አጭር ገመድ በመስኮቱ ክፈፍ በኩል ወደ ውጭ አውጥቻቸዋለሁ። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ሲግናል ስለሚበላ ከአንድ ሜትር ተኩል አላሳለፍኩትም። አንድ ጥንቃቄም ልጨምር። በመጀመሪያ ራውተሩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት በጣም ይግልና ራሱን ያጠፋ፣ እንደገና ይነሣ ነበር። አንድ ክንድ ያህል ወደ ጥላው ካራቅሁት ወዲህ ያ ችግር አልታየም።

የሞገድ ምርጫውም ጠቅሞኛል። ዝቅ ያሉት ሞገዶች፣ ለምሳሌ 800 ሜጋኸርዝ፣ ርቀው ይደርሳሉ፣ ግድግዳም በቀላሉ ያልፋሉ፤ ከፍ ያሉት፣ እንደ 1800 እና 2600፣ ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ መስመር ስላላቸው ብዙ ዳታ ይሸከማሉ። ራውተሩ በራሱ ሲመርጥ ጠንካራውን እንጂ ፈጣኑን አይመርጥም። 1800 ላይ እንዲቆይ ካዘዝኩት በኋላ የማታው ፍጥነት በግልጽ ተሻሻለ። ይህን ምርጫ የማይሰጥ ራውተር ከእንግዲህ አልገዛም።

ስለ ሲም ካርዱ ባጭሩ። ኤፒኤኑን፣ ማለትም ከሞባይል ኔትወርክ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባውን የመግቢያ ስም፣ በራሱ አወቀው፤ ሌላ ሲም ስሞክር ግን በእጅ መጻፍ ነበረብኝ። ሲሙ ፒን ካለው ደግሞ ይጠንቀቁ። እኔ ፒኑን በስልክ ላይ ቀይሬ ሲሙን መለስኩት፤ ራውተሩ በተነሣ ቁጥር ያስቀመጠውን አሮጌ ፒን እየሞከረ በሦስተኛው ሲሙን ቆለፈው። ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ፑክ የሚባለው ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለዓለም ይሞታል።

አሁን ወደ ጥበቃው ልምጣ፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ሰው ሁሉ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይለውጥና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከእሱ ይልቅ የሚከብደው የማስተካከያ ገጹ የይለፍ ቃል ነው። በባለ ሲም ራውተር ላይ ይህ ከሌላው ራውተር የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ሲም ቁጥሩ የሚላከው አጭር መልእክት ሁሉ እዚያው ገጽ ላይ ይነበባል። የማረጋገጫ ኮድም ቢሆን። ስለዚህ የገጹ ቁልፍ በእጁ የገባ ሰው የቤቱን ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን የስልክ ቁጥሩንም መልእክት ያገኛል። የእኔ ራውተር ሁለቱንም የይለፍ ቃል ከሆዱ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ አትሞ ነው የመጣው፤ አገላብጦ ፎቶ ለማንሳት አምስት ሰከንድ ይበቃል። በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበር። የሁለቱን የይለፍ ቃል በዚያው ምሽት ለየብቻ ለወጥኩ፤ ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚያስችለውንም ዘጋሁ።

ለዋይፋዩ የማይገናኙ አምስት የአማርኛ ቃላት መረጥኩ። ራውተሩ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ ከ8 እስከ 63 የሚደርሱ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፍኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ "ፀሐይ" የሚለውን ቃል እናቴ፣ እኔና ልጄ በሦስት ዓይነት መንገድ ጻፍነው፤ ሦስታችንም ትክክል ነን፣ ራውተሩ የሚቀበለው ግን አንዱን ነው። በመጨረሻ በወረቀት ጽፌ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ከመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

የምስጠራው ዓይነት ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ደብሊው ፒ ኤ 3 በ2018 የወጣ ነው፤ ካለ እሱን ይምረጡ። በ2004 የወጣው ደብሊው ፒ ኤ 2 ከረጅም የይለፍ ቃል ጋር እስካሁን ያገለግላል። ከእነሱ በፊት የነበሩት ለዛሬ አይሆኑም። አሮጌው ማተሚያዬ ከደብሊው ፒ ኤ 3 ጋር አልግባባ ስላለ በእንግዳ ኔትወርኩ፣ ማለትም ራውተሩ ለእንግዶች ለይቶ በሚከፍተው ሁለተኛ ዋይፋይ ላይ አስቀመጥኩት። የኔትወርክ ስም መደበቅንም ሞክሬ ተውኩት፤ ስሙን በቀላል ፕሮግራም ማየት ስለሚቻል ከችግሩ በቀር ጥቅም የለውም።

ደብሊው ፒ ኤስን ግን ሳያዩ እንዳያልፉ እለምናለሁ። አዝራር ተጭኖ ወይም ባለ 8 አኃዝ ፒን አስገብቶ ያለ የይለፍ ቃል ማገናኘት የሚያስችል ነገር ነው። 8 አኃዝ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ይመረምራል፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ትክክል መሆናቸውን ለብቻው ይነግራል፤ የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ለሌባው የሚቀረው ቢበዛ 11,000 ሙከራ ነው። ይህ ድክመት በ2011 ይፋ ወጥቷል። የተመረጡት አምስት ቃላት ምንም ያህል ቢረዝሙ በዚህ በር በኩል የሚገባውን አያቆሙትም።

ይህን ሁሉ አድርጌ በሦስተኛው ወር የወሩ የዳታ ጥቅል በ19ኛው ቀን አለቀ። ሌባ ገብቷል ብዬ ደመደምኩ፤ ጎረቤቶቼን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ስከፍት ዘጠኝ አሉ፤ የማውቃቸው ሰባት ናቸው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ የይለፍ ቃሉን ለውጬ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ መለስኳቸው፤ ከሁለቱ እንግዶች አንዱ የእናቴ ስልክ ሆኖ ተገኘ። አዳዲስ ስልኮች በባለቤታቸው ላይ ክትትል እንዳይደረግ ሲሉ ለየኔትወርኩ የተለየ መለያ አድራሻ ይፈጥራሉ፤ ስልኳም ራውተሩ ፊት በማላውቀው አድራሻ ቀርቦ ነበር። ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ ነው። ዳታውን የጨረሰውም እሱ ነበር፤ ቪዲዮ በሚችለው ከፍተኛ ጥራት ያወርዳል፣ ይህም በሰዓት 3 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ጎረቤቶቼን በመጠርጠሬ አዝኛለሁ። አሁን እያንዳንዱን መሣሪያ በዝርዝሩ ላይ በስሙ ጽፌዋለሁ፤ የቴሌቪዥኑን ጥራት ዝቅ አድርጌያለሁ፤ በኮምፒውተሩም ላይ ኔትወርኩ የተገደበ ዳታ ያለው መሆኑን አስመዝግቤያለሁ፤ ትልልቅ ማሻሻያዎችን ሳይጠይቀኝ አያወርድም። ጥቅሉ ሊያልቅ ነው የሚለው መልእክትም ሲመጣ የነበረው ማንም በማያየው የራውተሩ መልእክት ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥኑን አሁን በየሳምንቱ እከፍታለሁ፤ ከሞላ አዲስ አይቀበልም።

ቅሬታዬን ልንገራችሁ። በአምስተኛው ወር የውስጥ ሶፍትዌሩ ማሻሻያ መጣ፤ ደስ ብሎኝ ጫንኩት። በነጋታው ማታ በጨለማ ስወጣ ዘግቼው የነበረው የደብሊው ፒ ኤስ መብራት በርቶ አየሁት። ገጹን ስከፍት የይለፍ ቃሎቼ አሉ፤ ደብሊው ፒ ኤስና መሣሪያዎች ሳይጠይቁ ለራሳቸው በር እንዲከፍቱ የሚፈቅደው አገልግሎት ግን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ተመልሰዋል። አንድም ማስጠንቀቂያ አልተሰጠኝም። ደኅንነት ለማጠንከር የሚላክ ማሻሻያ የተዘጋ በር ከፍቶ መሄዱ ይቅር የሚባል ስሕተት አይደለም፤ ለአምራቹም ይህንኑ ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ የለወጥኳቸውን ነገሮች በአንድ ወረቀት ጽፌ ራውተሩ አጠገብ ሰቅያለሁ፤ ማሻሻያ በጫንኩ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያየዋለሁ።

የቤት ካሜራ ከውጭ ሆነው ለማየት ለሚያስቡም አንድ ነገር አለ። የእኔ ራውተር ከሞባይል ኔትወርኩ የሚያገኘው አድራሻ በ100 ይጀምራል፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት አድራሻዎች ብዙ ደንበኞች አንድ የሕዝብ አድራሻ እንዲጋሩ የተለዩ ናቸው። ስለዚህ በራውተሩ ላይ ምንም ዓይነት በር ቢከፍቱ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ እናንተ ዘንድ አይደርስም። ሁለት ቀን ከለፋሁ በኋላ ነው ይህን የተረዳሁት፤ ካሜራውን የማየው በራሱ በአምራቹ አገልግሎት በኩል ነው።

ዛሬ ቢጠፋብኝ ተመሳሳዩን እገዛለሁ ወይ? የሲግናል ቁጥሮቹን ስለሚያሳይ፣ ሞገድ ስለሚያስመርጥና አንቴናው ስለሚነቀል አዎ እላለሁ። በስምንት ወር ውስጥ ያለ መብራት መጥፋትና ያለ ሙቀት ራሱን ያጠፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሚያሳስበኝ የማሻሻያው ነገር ነው። የመጨረሻው ከመጣ ሦስት ወር አልፎታል። በወሩ መጀመሪያ ሁሉ የአምራቹን ገጽ እከፍታለሁ፤ ዓመት ሞልቶ አዲስ ካልወጣ ራውተሩ ደኅና ቢሠራም ቤቴ ውስጥ አላቆየውም።