ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር ስትጮኽ የነበረችው ቮልሴ

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስማቸውን አልጠራም። «ስሜን ካወጣሽ ሁለተኛ መኪናሽን አልነካም» ብለውኛል፣ የሚያደርጉትም ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ማንን ማለቴ እንደሆነ አይጠፋውም። ለማያውቅ መጨረሻ ላይ መንገዱን አሳያለሁ።

መኪናዬ ቮልስ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1967 ስሪት፣ ከአባቴ የወረስኳት። እናቴ ሸዋ ሮቢት ስለምትኖር በየሁለት ሳምንቱ እወርዳለሁ። ቮልስ ሞተሯን የምታቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ውሃ አትጠጣም። ስለዚህ ስመለስ የጣርማበርን ዳገት ሌላው ቆሞ ራዲያተር ሲያበርድ እኔ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ አልፈዋለሁ። ይቺን ጉራ ፍቀዱልኝ፣ ሌላ የምኮራበት ነገር የላትም።

ጥቅምት ላይ መጮህ ጀመረች። ከግራ የፊት ጎማ በኩል፣ ልክ እግሬ ስር። 30 ላይ «ጭው… ጭው…» ትላለች፣ እንደ ጫጩት። 50 ስገባ ጫጩቶቹ ይበዛሉ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስነሳ ጩኸቱ አያስቀምጥም። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ጸጥ። እዚያ ያሉ መካኒኮች ሁለት ጊዜ ነድተው አዩልኝ፣ ምንም አልሰሙም። አንዱማ «እህት፣ ጆሮሽን አሳይተሻል?» አለኝ። ሴት ሆናችሁ አሮጌ መኪና ከያዛችሁ ይህን ልመዱት።

ከዚያ የጋራዥ ዙር ተጀመረ። የጋራዦቹን ስም መጥራት አልፈልግም። የመጀመሪያው ገና ሳይነዳት «ኩሽኔታ ነው» አለ። ኩሽኔታ ተቀየረ። ጫጩቶቹ አልሄዱም። ሁለተኛው የፍሬን ሸራ ነው አለና ታምቡሩን አውጥቶ ሸራ ቀየረ። እነሱ እዚያው ናቸው። ሦስተኛው የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዘዋወረ። ገንዘቡን ደምሬው አላውቅም፣ መደመርም አልፈልግም።

አንድ የጎሚስታ ልጅ አዘነልኝና ወደ እኒህ ሰው ላከኝ። ስደርስ ቱታቸውን ለብሰው የሰው ላንድሮቨር ስር ተኝተዋል። ወጡ፣ እጃቸውን በነጭ ጋዝ ታጠቡ፣ ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ክሪክ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ ጥያቄ ብቻ። መቼ ትጮኻለች? ስትቆሚ ታቆማለች? ዝናብ ሲሆንስ? ሸዋ ሮቢት ዝም ትላለች ስላቸው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጣርማበር ዋሻ ውስጥስ?» አሉኝ።

ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጣሊያን የሠራውን ያንን 587 ሜትር ዋሻ ያለፈ ያውቀዋል። መስኮት ከፍታችሁ ስትገቡ የገዛ ጎማችሁ ድምጽ ከግድግዳው ተመልሶ ጆሯችሁን ይሞላዋል። አሰብኩት። የጎማው ሽውታ ይጨምራል፣ የሞተሩ ድምጽም ይጨምራል። ጫጩቷ ግን ያው ናት።

«እንግዲያው ውጪ አይደለችም፤ ከአንቺ ጋር ውስጥ ነው የተቀመጠችው» አሉኝ። «መኪናዋን እዚህ አሳድሪ። ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ነይ።»

የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ውርጩ የቮልሷን መስታወት ነጭ አድርጎት ጠበቀኝ። ጋቢያቸውን ደርበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ በአንኮበር መውጫ በኩል ነዳን። 40 ላይ ስደርስ ጫጩቶቹ ተነሱ።

«ማርሽ አውጪ።» አወጣሁ። በራሷ ስትንሸራተትም ትጮኻለች። ከሞተር አይደለም። «ፍሬን በስሱ ንኪ።» ነካሁ። አልተለወጠም። ሸራ አይደለም። «መንገዱ ባዶ ነው፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛውዣት።» አወዛወዝኳት። የተበላ ኩሽኔታ ክብደት ሲጫነው ድምጹን ይለውጣል፣ ይሄኛው ግን ምንም አልመሰለውም። አዲስ ኩሽኔታ የገዛሁበት ብር ትዝ አለኝና ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ ዝም አሉ። ወደ ጎማው በኩል ጆሯቸውን አይሰጡም። የሚያዩት የፍጥነት ቆጣሪውን ነው። ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፤ 35 ይላል፣ 45 ይላል፣ ይመለሳል። እኔ እኮ አይቼዋለሁ! አሮጌ መኪና ናት፣ ቀስቷ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል ብዬ ትቼው ነበር። «ጫጩቷ ስትጮኽ ቀስቱ ይዘላል፣ አየሽ?» አሉኝ። ሁለቱ እኩል ናቸው።

ለማታውቁት ላስረዳ። በብዙ መኪና የፍጥነት ቆጣሪው ገመድ የሚመጣው ከማርሽ ሳጥኑ ነው። ቮልስ ላይ ግን ከግራ የፊት ጎማ ነው የሚነሳው። ጎማው የሚዞርበት ብረት መሃሉ ክፍት ነው። ገመዱ በዚያ ያልፍና ግራሶ የሚሸፍነው ትንሽ ክዳን ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። እንዳይወጣ አንዲት ትንሽ የሽቦ መቆለፊያ ትይዘዋለች። ጎማው ሲዞር ክዳኑ ይዞራል፣ ክዳኑ ገመዱን ያዞራል፣ ገመዱ ቀስቱን ያነሳል። ስለዚህ ጩኸቱ አንዴ ከጎማ፣ አንዴ ከመሪ በስተጀርባ የሚመጣ ይመስላል። ገመዱ ሁለቱንም ቦታ ይነካላ!

ማረጋገጫው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መቆለፊያዋን በፒንሳ አወጡ፣ ገመዱን ከክዳኑ ለቀቁት፣ እንደገና ነዳን። ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል። መኪናዋ ጸጥ። ከጥቅምት ወዲህ የሞተሯን ድምጽ ብቻውን ስሰማ ያ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። አላለቀስኩም፣ ግን ቀርቤ ነበር።

ከተመለስን በኋላ የፊቱን ኮፈን ከፍተው ገመዱን ከቆጣሪው ፈትተው መዘዙት። ደርቋል። ከስንት ዓመት በፊት የተቀባው ግራሶ እንደ ሰም ጠጥሯል። በብርድ ይይዘዋል፣ ገመዱ በሽፋኑ ውስጥ ይነክሳል፣ ይለቃል፣ ይነክሳል። ያ ነው ጫጩቱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 እንኳ አትሞላም። ቆላው ሲሞቅ ግራሶው ይለሰልሳል፣ መኪናዋም ዝም ትላለች። ጆሮዬን ልታይ የተባልኩት ለዚህ ነው።

ገመዱን በቤንዚን አጥበው አዲስ ግራሶ በስሱ ቀቡት። ወደ ቆጣሪው የሚጠጋውን አንድ ስንዝር ግን ደረቅ ተዉት። ለምን ስላቸው ግራሶው ወደ ላይ እየወጣ ቆጣሪውን ያበላሸዋል አሉኝ። ሽፋኑ የታጠፈበትንም ቦታ አቃኑት።

ነገሩ እዚህ አላለቀም። «ኩሽኔታውን የቀየረው ሰው ዳዶውን እንዴት እንዳጠበቀው ልይ» አሉ። የቮልስ የግራ የፊት ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው፤ የሚፈታው ሌላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ሰውዬው ሳያውቅ ታግሎታል መሰለኝ፣ ጠርዙ ተልጧል። ደግሞ ከመጠን በላይ አጥብቆታል። እንዲያ ሆኖ ቢቆይ አዲሱ ኩሽኔታ ራሱ ይቃጠል ነበር። እሳቸው ለቀቅ አድርገው፣ ከዳዶው ስር ያለችው ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ ስትገፋ ትንሽ እስክትንሸራተት ድረስ አስተካከሉት።

የጠየቁኝ 400 ብር ነው። ለሁለት ቀን ሥራ። ልጨምር ስል ተቆጡ። በማግስቱ ቆሎ ይዤ ሄድኩ፣ እሱን አልመለሱም።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ልጅ አይጠፋም። እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም ከሸዋ ሮቢት መርቃዎታለች፣ ሽንኩርቱ ከእሷ ነው፣ በሚቀጥለው ይዤ እመጣለሁ።

ለሌሎቻችሁ፣ መናኸሪያው አካባቢ ያሉትን ጎሚስቶች «የቮልሱ ሰውዬ» ብላችሁ ጠይቁ። ስልክ አያነሱም፣ በአካል ሂዱ። ቮልስና ላንድሮቨር ላይ ወደር የላቸውም። አዲስ መኪና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ወደ ሌላ ይልኳችኋል። አይቸኩሉም፣ ስለዚህ ለዛሬ መንገድ ያለው ሰው አይሂድ። ለድምጽ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ግሎ አትድረሱባቸው፤ ራሳቸው ካልሰሙት አይነኩትም። መኪናዋን ማታ አምጥታችሁ ግቢያቸው አሳድሯት፣ ጋቢ አትርሱ።