ኮሪዮሊስ የፍሰት መለኪያ ለጋዝ ኪክ ቅድመ ማስጠንቀቂያ፦ ፓምፑ ሲቆም የሚፈተን መሣሪያ

በነዳጅና በጋዝ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ከዓለቱ ወደ ጉድጓዱ ሰርጎ የሚገባን ጋዝ በጊዜ ለማወቅ ከሚቀርቡት መሣሪያዎች መካከል፣ እዚህ የምገመግመው የቁፋሮ ጭቃው (በቁፋሮ ቱቦው ወደ ታች ተልኮ ወደ ላይ የሚመለሰው ከባድ ፈሳሽ) በሚመለስበት መስመር ላይ የሚተከለውን የኮሪዮሊስ ፍሰት መለኪያና አብሮት የሚሸጠውን የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ መሣሪያው ከሁሉ በላይ ዋጋውን የሚያወጣው ፓምፖቹ በሙሉ ኃይል በሚሠሩበት ሰዓት ሳይሆን በቆሙባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ሻጮች ግን አብዝተው የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው።

እፍጋቱ በሜትር ኩብ 1,200 ኪሎግራም የሆነ የቁፋሮ ጭቃ 3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 353 ባር የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። በዓለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የታመቀው ጋዝ ከዚህ የበለጠ ግፊት ካለው ጭቃውን ገፍቶ ይገባል፤ ኪክ የሚባለውም ይኸው ነው። ጋዙ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የተሸከመው የጭቃ ዓምድ እያጠረ ስለሚሄድ ይሰፋል፤ የሚያሳስበው ግን መስፋቱ ሳይሆን የሚሰፋበት ቦታ ነው። ሙቀቱንና የጋዙን ልዩ ጠባይ ትተን በቦይል ሕግ (ግፊቱ በቀነሰ መጠን ጋዙ ይሰፋል በሚለው) ብቻ ብናሰላው፣ ከጉድጓዱ ግርጌ የተነሣ 1 ሜትር ኩብ ጋዝ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ገና 10 ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን፣ በቀረችው አጭር መንገድ ግን ወደ 350 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ዘግይቶ ያወቀ ሠራተኛ ለማሰብ ጊዜ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆዩት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በመመለሻ መስመሩ ውስጥ ተንጠልጥሎ በፈሳሹ የሚገፋ መቅዘፊያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጭቃ ገንዳዎቹ ላይ የሚቀመጥ ተንሳፋፊ የከፍታ መለኪያ ነው። መቅዘፊያው ፍሰት መኖሩንና በግምት መጨመር መቀነሱን ከመናገር አያልፍም፣ የደረቀ ጭቃ ከተጣበቀበትም ያንኑ በትክክል አይናገርም። ተንሳፋፊው የተሻለ ታማኝነት አለው፤ ነገር ግን የገንዳዎቹ ድምር ስፋት 60 ካሬ ሜትር ቢሆን የ1 ሴንቲሜትር ከፍታ ለውጥ 600 ሊትር ማለት ነው። በደቂቃ 100 ሊትር የሚገባ ጋዝ ይህችን አንድ ሴንቲሜትር ለማሳየት 6 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ገንዳው ደግሞ በማደባለቂያው ስለሚናወጥ አንድ ሴንቲሜትር ብቻውን ማንንም አያስደነግጥም።

የኮሪዮሊስ መለኪያ ፈሳሹን በሚንቀጠቀጡ ቱቦዎች ውስጥ አሳልፎ፣ በቱቦው መግቢያና መውጫ በኩል ባለው የንዝረት መዘግየት መጠነ ቁሱን፣ በንዝረቱ ድግግሞሽ ደግሞ እፍጋቱን ያሰላል። በንጹሕ ፈሳሽ ላይ ስህተቱ ከ0.5 በመቶ በታች ነው፤ ደቃቅ ድንጋይና አየር ባዘለ ጭቃ ላይ ይህን ያህል መጠበቅ ባይገባም፣ ፓምፑ በደቂቃ 2,000 ሊትር በሚልክበት ጉድጓድ የ100 ሊትር ጭማሪ 5 በመቶ ስለሚሆን በግልጽ ይታያል። እንደ ማግኔቲክ መለኪያው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ስለማያስፈልገውም በዘይት ጭቃ ላይ ይሠራል። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም በዘይት ጭቃ ውስጥ የገባ ጋዝ ሟሙቶ ስለሚጓዝ፣ ወደ ላይ ተጠግቶ ከዘይቱ እስኪለይ ድረስ ብዙም ሳይሰፋ ተደብቆ ይቆያል፣ ስለዚህም በገባበት ሰዓት የሚታየው ትንሽ የፍሰት ጭማሪ የማይታለፍ ፍንጭ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ አዲስ የቁፋሮ ቱቦ ወደሚቀጠልበት ጊዜ፣ እንምጣ። ፓምፑ ሲቆም ጭቃው በመዘዋወሩ የሚጨምረው ግፊት ስለሚጠፋ በጉድጓዱ ግርጌ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ለኪክ የሚመቸውም ይህ ወቅት ነው። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ጤነኛ ጉድጓድም ቢሆን ፓምፑ እንደቆመ ፈሳሽ መመለሱን ወዲያው አለማቋረጡ ነው፤ በመስመሮቹ ያለው ጭቃ ይወርዳል፣ አንዳንድ ዓለትም በግፊት ሲከፈት በስንጥቁ የዋጠውን ጭቃ መልሶ ይተፋል። ሶፍትዌሩ ያለፉትን ማቆሚያዎች የፍሰት መስመሮች አንዱን በሌላው ላይ አነባብሮ ያሳያል። ጉድጓዱ የዋጠውን እየመለሰ ከሆነ መስመሩ ከቀደሙት ጋር ተመሳስሎ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ጋዝ እየገባ ከሆነ ግን በተወሰነ ከፍታ ላይ ይቀራል፣ አልፎ አልፎም መልሶ ይነሣል። ድሪለሩ፣ ማለትም የቁፋሮ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ፣ ይህን ልዩነት በዓይኑ አይቶ ጉድጓዱን ለመዝጋት ይወስናል። በመቅዘፊያ ብቻ ይህን ማንበብ የሚችል ሰው አለ ቢባል አላምንም።

ድክመቶቹ ቀላል አይደሉም። መለኪያው ቱቦው ሙሉ በሙሉ በፈሳሽ እንዲሞላ ይፈልጋል፣ ጭቃው ግን በመመለሻ መስመሩ በራሱ ክብደት ብቻ በግማሽ ቱቦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፈሳሹ ዝቅ ብሎ ተመልሶ እንዲነሣ ተደርጎ መታጠፍ አለበት፣ እዚያ ዝቅታ ላይ ደግሞ ደቃቅ ድንጋይ ይከማቻል። ጋዝ አረፋ ሆኖ ከደረሰ በኋላም ንባቡ ይዋዥቃል፤ በዚያን ሰዓት የእፍጋቱ መውረድ ራሱ ማስጠንቀቂያ ቢሆንም፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ለመባል ጊዜው አልፏል። በተንሳፋፊ መርከብ ላይ ማዕበሉ የመመለሻ ፍሰቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ የመርከቡን እንቅስቃሴ የማያጣራ ሶፍትዌር ደወሉን በከንቱ ያስጮኻል፤ በከንቱ የሚጮኽ ደወል ደግሞ ሳይውል ሳያድር ድምፁ ይዘጋል።

ሌላው የማይዘነጋ ነገር ፈሳሹ መለኪያውን ሳይነካ የሚሄድበት ማለፊያ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በማኮንዶ ጉድጓድ 11 ሠራተኞች ባለቁበት አደጋ፣ ጭቃው በባሕር ውሃ እየተተካ ሳለ ተመላሹ ፈሳሽ ወደ ባሕር እንዲለቀቅ ሲደረግ ከፍሰት መለኪያዎቹ አንዱን ሳይነካ አልፎ ሄዷል። ፓምፖቹ ቆመው በቁፋሮ ቱቦው ላይ የነበረው ግፊት መጨመሩ ግን በመዝገቡ ላይ ይታይ ነበር። ጋዙ በባሕር ወለል ላይ ካለው የጉድጓድ መዝጊያ በላይ ካለፈ በኋላ መዝጊያውን መዝጋት ከበላይ ያለውን አያስቀረውም። የተሻለ መለኪያ ተተክሎ ማለፊያው ከተከፈተ ጥቅሙ ምንም ነው።

በዘይት ጭቃ ለሚቆፍር፣ ወይም በዓለቱ ግፊትና ዓለቱን በሚሰነጥቀው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ለሆነበት ጉድጓድ፣ ይህን መሣሪያ ያለማመንታት እመክራለሁ። ግፊቱ በሚገባ በታወቀ፣ ጥልቀት በሌለው የውሃ ጭቃ ጉድጓድ ላይ ግን በደንብ የተጠበቀ ተንሳፋፊና ንቁ ሠራተኛ ይበቃሉ። መሣሪያው ቢገዛም ተንሳፋፊዎቹ መነሣት የለባቸውም። ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩ የሚያሳየውን የቋሚ ፍሰት ሙከራ ወደ ጎን ትቶ፣ በተመሳሳይ ጭቃ ከተሠራ ጉድጓድ የተከታታይ ቱቦ መቀጠያዎችን ጥሬ መዝገብ መጠየቅ፣ የማለፊያው ቫልቭ ክፍት ሲሆን በድሪለሩ ስክሪን ላይ ምልክት መታየት አለመታየቱንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።