ሽሮ ሜዳ ላሉት ጋሼና እትዬ፣ ከአንዲት አክስት

የእህቴ ልጅ ሁለት ቅዳሜ ከሙዚቃ ክፍል ቀረ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ማታ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ ቆመዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጁን አሞት ይሆን ብለን ነው» አሉኝ። ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጥተው የመጡት አንድ የቀረ ልጅ ፍለጋ ነው። ያውም በነጻ የሚያስተምሩት ልጅ። ቢቀር አምስት ሳንቲም አይጎድልባቸውም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ምስጋናዬ ዘግይቷል። ቢሆንም ሰው ሁሉ እንዲሰማው እዚህ ልጻፈው።

ሁለቱ ሰዎች ሽሮ ሜዳ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ለሰፈር ልጆች ሙዚቃ ያስተምራሉ። ልጆቹ ጋሼ እና እትዬ ነው የሚሏቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኔም እንደ ልጆቹ ልጥራቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የባንድ ሙዚቀኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራምፔት ሲነፉ ኖረዋል። እትዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ። መሣሪያ አይጫወቱም። ግን እሳቸው ባይኖሩ ያ ክፍል አንድ ወር አይዘልቅም ነበር። አዳራሽ የሚለምኑት፣ ደብዳቤ ይዘው ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሱት፣ መዝገብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ፊቱን አይተው ያውቃሉ። ዳቦው ከቦርሳቸው ሲወጣ ሌሎቹ ልጆች እንኳ አያዩም።

መጀመሪያ ላይ እኔ ተቃዋሚ ነበርኩ። ይህን ካልተናገርኩ ምስጋናዬ ግማሽ ነው። እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን አደራ ብላኝ ስትሄድ ስድስት ዓመቱ ነበር። አሥራ አንድ ሲሞላው ከትምህርት ቤት እየቀረ ታክሲ ተራ መዋል ጀመረ። ወያላዎቹ ሲጣሩ አብሮ ይጣራል፤ ማታ ድምፁ ተዘግቶ ይመጣል። ታዲያ አንድ ቀን «አክስቴ፣ ማሲንቆ መማር ጀመርኩ» አለኝ። «እናትህ የሰው ቤት የምትወለውለው አንተ አዝማሪ እንድትሆን ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ሁለቱን ቅዳሜ የቀረው እኔው ከልክዬው ነው። ያን ንግግሬን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ያን ማታ ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቡና አፈላሁ፣ ተቀመጡ። አዝማሪ የሚለው ቃል ከመዝሙር ጋር አንድ ሥር እንዳለው ነገሩኝ። ከዚያ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ስላስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች አወሩልኝ። በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ገብተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። «እኔን ያስተማሩኝን ሰዎች ያስተማሯቸው የእነሱ ወገኖች ናቸው» አሉ ጋሼ። «ወላጅ አጠገቡ የሌለ ልጅ ሙዚቃ ሲይዝ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ።» ልጁ ጥግ ላይ ቆሞ ይሰማል። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እትዬ ደግሞ ታሪክ አላወሩም። «ደብተሩን ላየው?» ነው ያሉት። ሂሳቡን ገልጠው አዩና ከልጁ ጋር ተስማሙ። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ቅዳሜ መሣሪያ አይነካም፤ ቁጭ ብሎ ሌሎቹን ይሰማል። ይህ ለሁሉም ልጅ የሚሠራ ደንብ ነው። ታክሲ ተራው በዚያው ቀረ። እኔ በቁጣም በልመናም ያቃተኝን ነገር አንዲት ማሲንቆ አስተካከለችው።

ክፍሉን ሄጄ ያየሁት ከወር በኋላ ነው። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ልጆች አሉ። ያለው መሣሪያ አራት ክራር፣ ሦስት ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮና ግማሹ የማይሠራ ኪቦርድ ነው። ዋሽንቱን ራሳቸው ልጆቹ ይሠሩታል፤ ሸምበቆ ሲጠፋ ከኤሌክትሪክ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ። አራቱን ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ይበሱታል። አንድ ዋሽንት ለሁሉም ድምፅ ስለማይሆን በተለያየ ርዝመት ይቆርጡታል። ለማሲንቆው የፈረስ ጭራ እንጦጦ ላይ ፈረስ ከሚያከራዩት ሰዎች ለምነው ያመጣሉ።

አዲስ የገባ ልጅ ግን ለሦስት ወር መሣሪያ አይሰጠውም። ይዘፍናል እንጂ። አራቱን የሙዚቃ ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በድምፁ ይለያል። ይህ መጀመሪያ መሣሪያው ስላነሰ የተፈጠረ ዘዴ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ማሲንቆ ክሩ አንድ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክትም የለውም። ድምፁ ጆሮህ ውስጥ ከሌለ ጣትህ አያገኘውም። ጋሼ አንዱን ልጅ ዓይኑን አስጨፍነው «ባቲ ነው ትዝታ?» ሲሉት ሰማሁ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ስሰማው የኖርኩትን ሙዚቃ መለየት አቃተኝ፤ የአሥር ዓመቱ ልጅ ለየው።

ከሁሉ ልቤን የነካኝ የሸማኔ ልጆቹ ነገር ነው። ሽሮ ሜዳን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከጋሞ ደጋ ገና በልጅነታቸው መጥተው ዘመድ ቤት ቀሰም ሲያጠነጥኑ፣ ሲሸምኑ የሚውሉ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ለማንም ዓይን አይሞሉም። ጋሼና እትዬ ሥራ ወዳለበት እየገቡ አሠሪዎቹን አንድ በአንድ ለምነዋል። «እሁድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ ስጡን» ብለው። አንዳንዱ አባርሯቸዋል። ተመልሰው ሄደዋል። ዛሬ ስድስት የሸማኔ ልጆች ይመጣሉ። ከበሮውን የሚመታው ከእነሱ አንዱ ነው። ጋሼ እንደሚሉት ልጁ ምት የለመደው ሸማ ላይ ነው፤ እጁ ሌላ እግሩ ሌላ ሲሠራ ነው የሚውለው። ያንኑ ልጅ እትዬ ከከበሮው በኋላ ጥግ አስቀምጠው ፊደል ያስቆጥሩታል። እንዲያስቆጥሩት የጠየቃቸው የለም።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆኖ አይደለም። ሁለት ጊዜ አዳራሹን ለሌላ ጉዳይ ተፈለገ ተብሎ አስለቅቀዋቸዋል። አንዱን ክረምት ሰው ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ነው የተማሩት። ዝናቡ ሲበረታ ድምፅ ስለማይሰማ ጋሼ በእጃቸው ምት ብቻ ያስተምሩ ነበር። አንድም ቀን አልተዘጋም።

ባለፈው ፋሲካ እህቴ በኢሞ ደወለች። ልጁ ስልኩን እኔ እንድይዝ አደረገና ምንም ሳይናገር ትዝታ መጫወት ጀመረ። እህቴ «ሬዲዮኑን ቀንሺው፣ አልሰማሽም» አለችኝ። ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማናችንም አላወራንም። ልጁ ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም። ከትምህርት ቤት ግን አይቀርም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እኔን የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው።

በሽሮ ሜዳ፣ በእንጦጦ፣ በስድስት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ፣ ልጃችሁን ውሰዱላቸው። ክፍያ የለም። ልጅ ቶሎ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲታይ ለሚፈልግ ወላጅ አልመክርም፤ እዚያ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደብተሩን ይዞ ይምጣ። ቦታው ከጠፋችሁ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡትን ሴቶች ጠይቁ። «የእነ ጋሼ ክፍል» ካላችኋቸው ያሳዩዋችኋል።

መርዳት ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ገንዘብ አልጠየቁም። የጎደላቸው መሣሪያ ነው። ብዙ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለ ክራር ወይም ማሲንቆ አለ። እኔ ራሴ ስንት ቤት አይቻለሁ። እባካችሁ አውርዱትና አምጡላቸው። ለበዓል ከውጭ የምትመጡም ሻንጣችሁ ውስጥ ለክራር የሚሆን የጊታር ክር አስገቡ፤ ቦታ አይይዝም። መሣሪያው ቢሰነጠቅም፣ ቆዳው ቢቀደድም አትጣሉት። ጋሼ ይጠግኑታል። እትዬም የማን ቤት ክራር እንደሆነ መዝገባቸው ላይ ይጽፉና የሚጫወትበትን ልጅ ጠርተው ያስተዋውቋችኋል።