ጅማ ላይ የኮንሰርት ቲኬት የምትገዙ፣ መድረኩ በየት በኩል እንደሚቆም ሳትጠይቁ ብር እንዳትልኩ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። እናቴ ተኝታለች፣ እኔን ግን ንዴቱ አላስተኛኝም።

የልጁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ኮንሰርት ሲደርስ ፈረንጅ አራዳ ላይ ቲኬት ይዞ የሚዞር፣ «ሁለት ብቻ ናት የቀረችኝ፣ ለአንቺ ስል ነው» የሚል። ስልኩን አውጥቶ ኮንሰርቱ የሚደረግበትን የስፖርት አዳራሽ የወንበር ፕላን አሳየኝ። ሁለተኛ ረድፍ፣ ቁጥር ያለው ወንበር፣ አንዱ 1,200 ብር። በቴሌብር በራሱ ስልክ ላኩለት። እናቴ ለዚህ ብላ ከአጋሮ መጣች።

በሩ ላይ ቲኬቱን ቀደው አስገቡን። ባትሪ የያዘ ልጅ «ተከተሉኝ» አለን። ሄድን ሄድን፣ መድረኩንም አልፈን ሄድን። ከዛ ጥቁር መጋረጃ ገለጠና «ይኸው» አለ። ደርቄ ቀረሁ። ሁለተኛ ረድፍ፣ 14 እና 15፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ፊታችን ያለው ግን የመድረኩ ጀርባ ነው፤ ብረት፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ ከላያችን ደግሞ የቅርጫት ኳሱ ቦርድ። ያኔ ገባኝ። ያሳየኝ የጨዋታ ቀን ፕላን ነው። ለቅርጫት ኳስ ሰው 28 ሜትሩን ሜዳ በአራቱም ጎን ከቦ ይቀመጣል፣ ከየትም ሆኖ ያያል። ለኮንሰርት ግን መድረኩ አንዱን ጫፍ ስለሚይዝ ከኋላው ያለው ወንበር ጭራሽ መሸጥ አልነበረበትም።

አስተባባሪ ነኝ ያለችውን ሴትዮ ጠራኋት። ከስልኳ ቀና እንኳን አላለችም። «ቁጥሩ ትክክል አይደል?» አለችኝ። ምንም አይታይም ስላት እናቴን ገላመጥ አድርጋ «ለእማማ መስማቱ ይበቃቸዋል» አለች። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መስማቱስ የት አለና! ከስፒከር ጀርባ የሚደርሰው ደረት የሚደልቅ ቤዝ ብቻ ነው፣ የዘፋኙ ቃል አይለይም።

ልጁ ጋ ደወልኩ። አነሳ፣ ድምፄን ሲሰማ ዘጋው። ከዛ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው።

በራሴም ተናድጃለሁ። ወንድሜ ቮሊቦል ሲጫወት እዛ አዳራሽ ስንቴ ገብቻለሁ፣ ወንበሩ በአራቱም ጎን መሆኑን አውቃለሁ። «መድረኩ በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? አልጠየቅኩም። ደረሰኝም አልጠየቅኩም።

እናንተ ጠይቁ። ብርም በግለሰብ ስልክ አትላኩ።

እኔ ነገ ጠዋት የቀረችኝን ቁራጭ ቲኬት ይዤ አዳራሹ በር ላይ ነኝ። እንደኔ ከመድረክ ጀርባ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ኑ።