የቪኤስ ኮድ የቴስት መስኮት ከፓይተን ጋር፦ ዲበጉ ግሩም፣ ፍለጋው አስቸጋሪ

ቪኤስ ኮድ (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሙ) ከ2021 ጀምሮ ቴስት፣ ማለትም ኮድ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ የሚሮጥበት የራሱ መስኮት አለው፤ በግራ ጠርዝ ላይ የላቦራቶሪ ብልቃጥ የምትመስለው ምልክት ናት። ዝግጅቱ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። የፓይተን ኤክስቴንሽን ይጫናል፣ ፓይቴስት (የፓይተን ቴስቶችን የሚያስሮጠው መሣሪያ) በፕሮጀክቱ ቨርችዋል ኢንቫይሮንመንት (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) ውስጥ በፓይተን ጥቅል መጫኛው በፒፕ ይገባል፣ ከዚያ ብልቃጧን ከፍቶ «ኮንፊገር ፓይተን ቴስትስ» በማለት ፓይቴስትንና የቴስቶቹን ፎልደር መምረጥ ነው።

ተርሚናልን የሚያስንቀው ዲበግ (ኮዱን እያስቆሙ ስሕተት ማደን) ላይ ነው። ከቴስቱ መስመር ጎን ያለችውን ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክቶ «ዲበግ ቴስት» ሲሉ፣ ከመቶዎቹ መካከል ያ አንድ ቴስት ብቻ ይሮጣል፤ ብሬክፖይንቱ (ኮዱ እንዲቆም ምልክት የተደረገበት መስመር) ላይ ቆሞም የቫሪያብሎቹን ዋጋ ያሳያል። ማውስ ለማይወዱ፦ ኮንትሮልና ሴሚኮለን፣ ቀጥሎ ሲ ሲነኩ ጠቋሚው ያለበት ቴስት፣ ኢ ሲነኩ የወደቁት ብቻ ይሮጣሉ።

የሚያማርረው ፍለጋው፣ ማለትም መስኮቱ ቴስቶቹን ፈልጎ የሚዘረዝርበት ሥራ ነው። ቴስቶቹ ዝርዝሩ ውስጥ አልታይ ካሉ መጀመሪያ የተመረጠው ኢንተርፕሪተር (ኮዱን የሚያስሮጠው ፓይተን) ይታይ፤ ፓይቴስት በሌለበት ፓይተን ላይ ከሆነ ፍለጋው ይከሽፋል። ቀጥሎ የፋይል ስም። ፓይቴስት በነባሪ የሚያውቀው ስሙ በ«ቴስት»ና በአንደርስኮር የሚጀምረውን ወይም በአንደርስኮርና «ቴስት» የሚያበቃውን ብቻ ነው፤ «ቴስትስ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል (ጃንጎ የተባለውን የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ የለመደ ሰው ወጥመድ) ይዘለላል። በሁለት ፎልደሮች ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው የቴስት ፋይሎች ካሉም «ኢምፖርት ፋይል ሚስማች» የሚል ስሕተት ይመጣል፤ አንዱን ስሙን መቀየር፣ ወይም በሁለቱም ፎልደሮች ባዶ የኢኒት ፋይል (ፎልደሩን የፓይተን ፓኬጅ የሚያደርገውን) ማስቀመጥ ይፈታዋል። ዝርዝር ምክንያቱ አውትፑት ፓነል ውስጥ ስለሚጻፍ ከመገመት እሱን ማንበብ ይሻላል።

ሌላው ብዙ ሰዓት የሚበላ ነገር ብሬክፖይንት ሳይቆም ማለፉ ነው። በፓይቴስት ኮንፊግ ውስጥ የፓይቴስት-ኮቭ ከቨሬጅ (ቴስቶቹ የትኛውን የኮድ ክፍል እንደነኩ የሚለካው) ተጽፎ ከሆነ፣ እሱም ዲበገሩም ኮዱን የሚከታተሉት በአንድ መንገድ ስለሆነ ይጋጫሉ። መፍትሔው በሎንች ፋይሉ (የቪኤስ ኮድ የማስሮጫ ቅንብር ፋይል) የዲበግ ክፍል ፓይቴስት-አድኦፕትስ ለሚባለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል «ኖ-ኮቭ» የሚለውን መስጠት ነው። ከቨሬጅ ሲፈለግ «ራን ዊዝ ከቨሬጅ» ለብቻው አለ።

ኮድ ከመፑሽ በፊት ግን ሙሉው ቴስት ከተርሚናል ይሂድ። ኤክስቴንሽኑ በፕሮጀክቱ ሥር ያለውን ዶት-ኢንቭ ፋይል (የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች የሚጻፉበትን) ራሱ ስለሚጭን፣ እዚህ አረንጓዴ የሆነው ቴስት ያ ፋይል በሌለበት ሰርቨር ላይ በአንድ የጎደለ ቫሪያብል ሊወድቅ ይችላል።