ከግዙፉ ስክሪን ዥዋዥዌው ይሻለኛል

በየከተማው አደባባይ የሚተከለው «አሳታፊ» ዲጂታል ጥበብ አብዛኛው አሰልቺ ነው። ግዙፍ ስክሪን ፊት ትቆማላችሁ፣ እጃችሁን ታወዛውዛላችሁ፣ ካሜራው ያያችኋል፣ የሆነ ቀለም ብን ይላል። አለቀ። መስታወት እኮ ቤትም አለ!

ለዚህ ነው የሞንትሪያሉን «21 ዥዋዥዌ» ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው። ዴይሊ ቱ ሌ ዡር የሚባል የዚያው ከተማ ስቱዲዮ በ2011 ነው የሠራው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እውነተኛ ዥዋዥዌዎች በረድፍ ተሰቅለዋል። ቁጭ ብሎ የተወዛወዘ ሰው ድምፅ ያወጣል፤ አንዱ መቀመጫ ፒያኖ፣ ሌላው ጊታር፣ ሌላው ሃርፕ ወይም ቫይብራፎን። ብቻችሁን ከሆናችሁ የምትሰሙት ጥቂት ኖታ ነው። አጠገባችሁ ያለው የማታውቁት ሰው ከእናንተ እኩል መሄድ ሲጀምር ግን ቅድም ያልነበረ ዜማ ብቅ ይላል፣ ያንን ዜማ ደግሞ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ብቻችሁን አታወጡትም። ሉክ አላን ዢራልዶ የተባሉ የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪ አብረው የሠሩበትም ለዚህ ነው፤ ትብብር እንዴት ይመጣል የሚለውን በጨዋታ ለማየት።

በጣም የወደድኩለት ነገር ማብራሪያ አለመፈለጉ ነው። «እዚህ ቁሙ፣ አፑን አውርዱ» የሚል ሰሌዳ የለም። ዥዋዥዌ ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ሽማግሌም ሆነ ሕፃን። እንከን የለበትም አልልም። 21 መቀመጫ ለመሃል ከተማ ያንሳል፣ አንዴ የተቀመጠ ደግሞ ቶሎ አይነሳም።

ስክሪን ሁሉ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ሜክሲኮ-ካናዳዊው ራፋኤል ሎዛኖ-ሄመር በ2001 ሮተርዳም ላይ «ቦዲ ሙቪስ» የሚል ሥራ አቅርቦ ነበር። ትልቅ ሕንፃ ላይ መንገድ ላይ የተነሱ ሰዎች ፎቶ በፕሮጀክተር ይለቀቃል፣ ግን መሬት ላይ ያሉት ኃይለኛ መብራቶች ያጠፉታል። መንገደኛ ሲያልፍ ጥላው ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ፎቶውም በጥላው ውስጥ ብቻ ይታያል። ወደ መብራቱ የተጠጋ ሰው ጥላው 25 ሜትር ድረስ ይገዝፋል፣ የራቀው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም ፎቶዎች በአንድ ጊዜ በጥላ ሲሸፈኑ ኮምፒውተሩ በሌላ ይተካቸዋል፤ ያ እንዲሆን እንግዲህ አደባባዩ ላይ ያለው ሰው መግባባት አለበት። ሰዉ ግን ፎቶውን ትቶ አንዱ የሌላውን ጥላ በማሳደድ መጫወቱን ያዘ። እኔ ይህን እንደ ስኬት ነው የምቆጥረው። በዚያው ዓመት በርሊን፣ አሌክሳንደርፕላትዝ ላይ፣ ኬዮስ ኮምፒውተር ክለብ የሚባለው የጀርመን ሀከሮች ማኅበር ልጆች ከ144 መስኮቶች ጀርባ መብራት ሰቅለው ሕንፃውን ስክሪን አደረጉት፣ ሰውም ፖንግ የሚባለውን የድሮ ቪዲዮ ጌም በሞባይሉ ተጫወተበት። ተራ ቴክኖሎጂ፣ ግሩም ጨዋታ!

ወሬው የበዛለት «ፖርታል» ግን አላሳመነኝም። የሊትዌኒያዊው ቤኔዲክታስ ጊሊስ ሥራ ነው፤ በግንቦት 2024 ደብሊንንና ኒው ዮርክን በክብ ስክሪን፣ በቀጥታ ቪዲዮ፣ ያለ ድምፅ አገናኘ። ብዙዎች እጅ አውለበለቡ፣ ጨፈሩ። አንዳንዶች ደግሞ ነውረኛ ነገር አሳዩበት፣ በቀናት ውስጥም ለጊዜው ተዘጋ። ሲመለስ ወደ ካሜራው በጣም የተጠጋ ሰው ምስሉ እንዲደበዝዝ ተደርጎ፣ ሰዓቱም ተገድቦ ነበር። ሁሉም ጥፋቱን በባለጌዎቹ ላይ ጣለው። እኔን ካላችሁኝ ግን ችግሩ ሥራው ውስጥም አለ፤ ሁለት ሕዝብ ፊት ለፊት አቁሞ አብረው የሚሠሩት ነገር አልሰጣቸውም። ከመታየት ሌላ ሥራ ከሌለ ደግሞ የሚያሸንፈው ለመታየት የማያደርገው የሌለ ሰው ነው።

ወደ ዥዋዥዌው ልመለስ። ተጓዥ ቅጂ ስላለው ሞንትሪያል ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። ካጋጠማችሁ ማታ ሂዱ፣ መቀመጫዎቹ ከታች በኩል ይበራሉ። ግን ሰው የሌለበትን ሰዓት አትምረጡ፤ ባዶ ረድፍ ላይ ከተቀመጣችሁ ዋናው ዜማ ያመልጣችኋል።